ዐሥር ሺኛው ክፍል

ለመሆኑ አንድ ድራማ ዐሥር ሺህ ክፍል መድረሱ ብቻውን ያስመሰግነዋልን? ብዛት በራሱ ምስጋና አይገባውም፤ ማለቂያው ጠፍቶ ሲጎተት የሚኖር ትርኢት ጥቂት አይደለምና። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር «ኮሮኔሽን ስትሪት» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2020 10,000ኛ ክፍሉን ሲያሳይ፣ በአንድ ምሽት ተጀምሮ የሚያልቅ ተውኔት ሊደርስበት የማይችለውን ነገር ለተመልካች አቅርቧል።

ድራማውን የፈጠረው ቶኒ ዋረን የተባለ ወጣት ደራሲ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሰሜን እንግሊዝ እንዳለ ተደርጎ በታሰበ የወዝ አደሮች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1960 በታየው የመጀመሪያ ክፍል ኬን ባርሎ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአባቱ ጋር ይጋጫል። የጠቡ መነሻ ተራ ነገር ይመስላል፤ ልጁ ወዳጁን ሊጋብዝ ያሰበው እናቱ ተቀጥራ በምትሠራበት ሆቴል ነው። እናት በምትለፋበት ቤት ልጅ ገንዘብ ሲበትን ማየት ለአባት አልዋጥ ይለዋል። ልጁም በበኩሉ በቤተሰቡ አኗኗር ያፍራል። ኬንን ሆኖ የተጫወተው ዊልያም ሮች ያን ጊዜ የ28 ዓመት ሰው ነበረ፤ ዐሥር ሺኛው ክፍል በታየበት ጊዜ 87 ዓመት ሆኖት ነበር። ኬን ባፈረበት በዚያው ሰፈር ሲያስተምር፣ ሲያገባ፣ ሲፋታ፣ ልጆች ሲያሳድግ ፀጉሩ ሸብቷል። ሽበቱም በመድረክ ቀለም የመጣ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ርዝመት ዋጋ ያስከፍላል። በመጀመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታይ የነበረው ድራማ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ስድስት ከፍ ብሏል። ይህን ያህል የሚጽፉ ደራሲዎች ኑሮ ሲያልቅባቸው ወደ አደጋ መሸሻቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2010 የ50ኛ ዓመቱ በዓል ሲከበር የከተማ ባቡር ከድልድይ አውርደው በሰፈሩ ላይ ጣሉበት። በእኔ አስተያየት ይህ ማስደንገጥ እንጂ መተረክ አልነበረም።

ዐሥር ሺኛው ክፍል ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ሪታ የተባለችው አረጋዊት ተለይቷት የሄደው ባሏ ዴኒስ ታነር መሞቱን ትሰማለች፤ የተቃጠለው አስከሬኑ አመድም ይደርሳታል። ዴኒስ በመጀመሪያው ክፍል ከእናቱ ጋር ሲጨቃጨቅ የታየው ጎረምሳ ነው። ጎረቤቶቿም ብቻዋን አልተዋትም፤ አመዱን ይዛ በባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ወደ ብላክፑል በአውቶቡስ ስትነሣ አብረዋት ተሳፈሩ።