ቤቱ ሲገዛ ጎረቤት የት ይሄዳል?

ባለፈው ክረምት አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት ሴንት ሉዊስ የምትኖረው ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንሄድ፣ አጠገቡ ያለችውን ኪንሎክ የምትባል ትንሽ ከተማ አሳየችኝ። መንገዱ አለ፤ ቤቶቹ ግን አብዛኞቹ የሉም። ሣር በቅሎባቸዋል።

«እሳት ነው ወይስ ጦርነት?» አልኳት።

«አይ እማዬ፣ ተገዝታ ነው» አለችኝ።

ነገሩ ስላልለቀቀኝ ታሪኳን አነበብኩ። ጥቁሮች በብዙ ሰፈር ቤት እንዳይገዙ በሚከለከሉበት ዘመን፣ ኪንሎክ ገዝተው መኖር ከቻሉባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1937 የአካባቢው ነጮች የራሳቸውን የትምህርት አስተዳደር ፈልገው በርክሌይ የተባለ ከተማ መሥርተው ተለዩ። ኪንሎክም በ1948 ከንቲባ ያላት፣ ራሷን የቻለች ከተማ ሆነች። በ1960 ከ6,000 በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። ጎረቤቷ ፈርጉሰን ግን ሁለቱን የሚያገናኘውን መንገድ ዘግታባት ነበር።

በ1980ዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው፣ በድምፁ ምክንያት፣ ቤቶቹን እየገዛ ማፍረስ ጀመረ። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ 449 ሰው፣ በ2010 ደግሞ 298 ሰው ብቻ ቀረ።

ድምፁ ጉዳት የለውም አልልም። የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ እንቅልፍ ይነሳል፤ ከደም ግፊት ጋርም ይያያዛል። ነገር ግን በነርስነት ዘመኔ ቤት ለቤት ስዞር ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሕመምተኞችን ብዙ ጊዜ ያቆያቸው ጎረቤት ነው። መድኃኒታቸውን ያስታውሳቸዋል፤ ጠዋት በራቸው ሳይከፈት ሲቀር ደግሞ ያንኳኳል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ የቤት ዋጋ ሲሰላ ማንም አይቆጥረውም። የኪንሎክ ሰዎች የቤታቸውን ዋጋ ተቀብለው በየአቅጣጫው ሲበተኑ፣ ያ የማንኳኳት ልማድ አብሮ ተበተነ።

ስለዚህ ከሰፈር የምትነሱ ካላችሁ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት የጎረቤቶቻችሁን ስልክ ጻፉ። ብቻቸውን የሚኖሩትን አባትና እናት ማን በየቀኑ እንደሚጠይቃቸው ተነጋገሩ። አዲሱ ሰፈር ስትደርሱም የመጀመሪያውን በር እናንተው አንኳኩ።

ሳምንት ያገናኘን።