«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

የገበያ ሥራ አንድ ልማድ ያስይዛል፤ ሰው ምን እንደሚገዛ ብቻ ሳይሆን ማሸጊያውን እንዴት እንደሚያነብ መመልከት። የእኔ የሥራ ክልል ምዕራብ በመሆኑ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከበደሌ እስከ ጎሬ እመላለሳለሁ። (በደሌ ዛሬ በአስተዳደር ቡኖ በደሌ ዞን ውስጥ ናት፤ ሰዉ ግን አሁንም «ኢሉባቦር» ሲል እሷንም ጨምሮ ነው።) በያዮም ሆነ በሁሩሙ፣ በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በመድኃኒት ቤት ደጃፍ የማየው አንድ ዓይነት ነው። አዛውንቱ ካርቶኑን ክንዳቸውን ዘርግተው ያርቁታል፣ ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ ዓይናቸውን ያጠባሉ፣ በመጨረሻም በአጠገባቸው ላለፈው ወጣት ያቀብሉታል። «አንብብልኝ እስቲ የኔ ልጅ፤ እርጅና ነው።»

ካርቶኑ ላይ በግራጫ ቀለም የታተመው ደቃቅ ጽሑፍ የተመዘነው በሃያ አምስት ዓመት ዲዛይነር ዓይን መሆኑን ለጊዜው እንተወው። እኔን የሚያሳስበኝ «እርጅና ነው» የምትለዋ ቃል ናት። እሷ ከተባለች በኋላ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። ልጆችም «እውነት ነው፣ ዕድሜ ነው» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን እርጅና የበሽታ ስም አይደለም። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የእይታ መድከም አራት አምስት የተለያየ ምክንያት አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ፣ በአገራችን በብዛት የሚታዩት ሁለቱ፣ መፍትሔ ያላቸው ናቸው።

በ1998 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ነው። እይታቸው ከደከመው ውስጥ ደግሞ 42.3 በመቶው በሞራ፣ 33.4 በመቶው በመነጽር ሊስተካከል በሚችል ችግር ነበር። ሁለቱን ደምሯቸው፤ ከአራት ሰው ሦስቱ ማለት ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ስለሚደርቅ ቅርብ ያለውን ማንበብ ይከብዳል፤ ይህ ሁላችንንም ይጠብቀናል። መቱ ገበያ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው የንባብ መነጽር ለዚህ ይሠራል፣ ዓይንንም አያበላሽም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሰውዬው መነጽር ገዝቶ ማንበብ ስለቻለ ምርመራ አያስፈልገኝም ብሎ ያስባል። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ላይሆኑም ይችላሉ፤ የገበያው መነጽር ደግሞ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው።

ሞራ ሲሆን ሌንሱ ራሱ ይደፈርሳል። ቀለማት ይደበዝዛሉ፣ የመኪና መብራት ዙሪያውን ይበተናል፣ በጠራራ ፀሐይ ማየት ከደመና ቀን ይልቅ ይብሳል። የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ይሠራል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ እምብዛም አይፈጅም። «ሞራው እስኪበስል ጠብቁ» የሚለው ምክር የድሮ ነው። ዛሬ የሚታየው ሰውዬው የዕለት ሥራውን መሥራት ማቃቱ እንጂ የሞራው መብሰል አይደለም። እንዲያውም ብዙ የቆየ ሞራ ቀዶ ሕክምናውን ያከብደዋል።

አስቸጋሪው ግላኮማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አይቀላም፣ እይታን ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይበላል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ በሚጨመር ጠብታ ማቆየት ይቻላል። በቤተሰብ ስለሚሄድ እናት ወይም አባት ግላኮማ ከተገኘባቸው ልጆችና ወንድም እህቶችም መመርመር አለባቸው። የማኩላ መጎዳት ደግሞ በተቃራኒው መካከሉን ይነካል፤ የሰው ፊት ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል፣ ቀጥ ያለው የበር መቃን ጎብጦ ይታያል። ስኳር ያለበት ሰው ቢያይም ባያይም በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑ ይታይ።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። እቴቴ እንላታለን፤ 68 ዓመቷ ነው፣ መቱ ትኖራለች። አንዱ ዓይኗ ሞራ ነበረበት፣ ተሠርቶ ጥሩ ያያል የሚባል ደረጃ ላይ ነው። ሌላውን ግላኮማ ወስዶታል። ችግሩ የታወቀው በዓይኗ አይደለም፣ በሐሜት ነው። «እቴቴ ኮራች፣ መንገድ ላይ አይታን ታልፋለች» ይባል ጀመር። እንደ መቱ ባለ ከተማ፣ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሰላም በሚባባሉበት ሰፈር፣ ይህ ቀላል ክስ አይደለም። እሷም ሰው እንዳታስቀይም ብላ ከቤት መውጣት ቀንሳ ነበር። እናንተም ከአዲስ አበባ ስትደውሉ «ደህና ነኝ» ነው የምትሰሙት። ስለዚህ ስለ ዓይን አትጠይቁ። ዕድር ሄዳችሁ ነበር? ቡናውን ማን ለቀመው? መርፌው ውስጥ ክር ማን አስገባ? ብላችሁ ጠይቁ። ስትሄዱም አንድ ዓይናቸውን በመዳፍ ሸፍነው በሌላው ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እንዲያዩ አድርጉ፤ ከዚያ አቀያይሩ። ሁለቱ ዓይን አብሮ ሲያይ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል።

ሕክምናውን በተመለከተ መቱ ላይ የመጀመሪያው በር መቱ ካርል ሆስፒታል ነው። ስሙ የሜንሽን ፉር ሜንሽን መሥራች የኦስትሪያው የፊልም ተዋናይ ካርልሄንዝ በም መታሰቢያ ነው፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች አሁንም ያነሷቸዋል። ከዚያ ካለፈ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል አለው፤ ከመቱ በበደሌ በኩል 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከሆነ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን የማያውቅ የለም። የትም ብትሄዱ አስቀድማችሁ ደውሉና የዓይን ሐኪሙ የሚገኝበትን ቀን ጠይቁ። አዛውንት ይዞ በክረምት መንገድ ተጉዞ «ሰኞ ተመለሱ» መባል ሁለተኛ እንዳይሄዱ ያደርጋቸዋል። ሐኪሙን ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ምክንያቱ ምንድን ነው? የሚመለሰው የትኛው ነው? የማይመለሰው የትኛው ነው? አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። እይታ በድንገት ከጠፋ፣ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ፣ ወይም ዓይን ቀልቶ ከከባድ ራስ ምታትና ትውከት ጋር ካመመ በዚያው ቀን ነው መሄድ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ የማይመለሰውን ይዞ መኖር እዚያ ነው።

በ60 ዓመት ዕድሜ የዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ከጣሪያው መሐል አንድ አምፖል አንጠልጥለን ሁሉንም ከእሱ የምንጠብቅ ነን። በኢሉባቦር ዝናቡም ደመናውም ብዙ ነው፤ የእንጨት መስኮት ሲዘጋ ቀትር ላይ ይመሻል። እቴቴ ቤት የሠራነው ትልቁ ሥራ ከማዕድ ቤቱ ጣሪያ አንዱን ቆርቆሮ አውጥቶ ብርሃን በሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ መተካት ነበር። ለማንበብና ለመልቀም ደግሞ ብርሃኑ ከትከሻ ኋላ መጥቶ ሥራው ላይ ይረፍ፤ ፊት ለፊት ዓይን ውስጥ አይግባ። ስለዚህ ወንበሩን ጀርባው ወደ መስኮት እንዲሆን አዙሩት። መብራት ሲጠፋ ግንባር ላይ የሚታሰር የሚሞላ ባትሪ ከሻማ ይሻላል፤ ሁለት እጅም ነፃ ይተዋል።

ከብርሃን ቀጥሎ የቀለም ልዩነት ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም አያስወጣም። ጥቁር ቡና በነጭ ሲኒ ውስጥ፣ ባህላችን ሳያስበው ያገኘው ጥሩ ንድፍ ነው፤ መሙላቱ ይታያል። ነጩ ሲኒ ነጭ ረከቦት ላይ ሲቀመጥ ግን ይጠፋል። ጠቆር ያለ ትሪ ግዙ። ነጭ እንጀራ ነጭ ሳህን ላይ፣ አይብ ነጭ ሳህን ላይ፣ ውሃ በብርጭቆ፣ ሦስቱም ለደከመ ዓይን የማይታዩ ናቸው። ጥሬ ቡና ሲለቀም ጠቆር ባለ ሰፌድ ፈንታ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢበተን የጠቆረው ፍሬ ብቅ ይላል። እቴቴ እንደገና ቡናዋን ራሷ መልቀም የጀመረችው በዚህ ነው፤ ምራቷ ልትነጥቃት ብትል እሺ አትልም። መርፌ ስታስገባም ከቀዳዳው ኋላ ነጭ ወረቀት ያዙላት። የበረንዳው ደረጃ ጠርዝ ላይ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ቢጫ ወይም ነጭ ቀለም ይቀባ። ጭቃ ባለበት አገር ከቤት ጫፍ እስከ ቦዩ ድልድይ ድረስ ያለውን መሄጃም አስቡበት።

የቤት ዕቃ ቦታ አትቀያይሩ። ይህን የምለው በተለይ ለበዓል ከአዲስ አበባ ለሚሄዱ ልጆች ነው። ሶፋ እናዞራለን፣ ጠረጴዛ እናመጣለን፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፤ ቄጠማው ውስጥ የከሰል ምድጃው ይቀመጣል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ምድጃው ሁልጊዜ አንድ ጥግ፣ ከመተላለፊያ የራቀ ይሁን፤ ቄጠማውም እዚያ ጥግ አይድረስ።

ለመድኃኒት ጎማ ላስቲክ ይበቃል፤ የጠዋቱ ላይ አንድ፣ የማታው ላይ ሁለት። ካርቶኑ ላይም በወፍራም ማርከር «ጠዋት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ለገንዘብ ደግሞ አጣጠፍ። 10 ብሩ ሳይታጠፍ፣ 50ው አንድ ጊዜ፣ 100ው ሁለት ጊዜ፣ 200ው በሌላ ኪስ። ባለ ቁልፍ ስልኮች 5 ቁጥር ላይ ትንሽ ጉብ ያለ ምልክት አላቸው፤ ጣት እሱን ይዞ ሌላውን ያገኛል። ስማርት ስልክ ካለ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ፊደሉን አግዝፉ፤ ማጉያውንም ክፈቱላቸው። ካሜራው ራሱ አጉሊ መነጽር ነው፤ የመድኃኒቱን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ በሁለት ጣት መዘርጋት። የእጅ አጉሊ መነጽር ከገዛችሁ ደግሞ ትልቁ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ብዙ የሚያጎላው በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ሁለት ሦስት ፊደል ነው፤ በእጃቸው ይዘው ሞክረው ይምረጡ። የሞባይል ገንዘብ ምስጢር ቁጥራቸውን ግን «እኔ ልያዝልዎ» አትበሉ። ቁልፎቹን በጣት መቁጠር ያስተምሯቸው እንጂ ገንዘባቸውን ከእጃቸው አትውሰዱ።

ሰላምታውንም እናስተካክል። «ለይተሽኛል? እስቲ ማን ነኝ?» የሚባለው ጨዋታ ለደከመ ዓይን ፈተና ነው። ቀርባችሁ «እቴቴ፣ እኔ እገሌ ነኝ፣ የእገሌ ልጅ» በሉ። ስትሄዱም መሄዳችሁን ተናገሩ፤ ባዶ ወንበር ማናገር ያሳፍራል። መንገድ ላይ ክንዳቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ክንዳችሁን ስጧቸው፣ እነሱ ይያዙ፣ ግማሽ እርምጃ ከፊት ቅደሙ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ በብዙ ቤት በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ነገር። እይታቸው በጣም የደከመ አንዳንድ ሰዎች የሌለ ነገር ያያሉ፤ ግድግዳው ላይ አበባ፣ በሩ ላይ የቆሙ ሕፃናት፣ ድምፅ የሌላቸው ትናንሽ ሰዎች። አእምሯቸው ደህና ነው፤ የሌለ መሆኑንም ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ያውቃሉ። ዓይን መልእክት መላክ ሲቀንስ አንጎል ባዶውን በራሱ ሥዕል ይሞላዋል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ሻርል ቦኔ በ1760 እ.ኤ.አ. በአያቱ ላይ ያየውን ስለጻፈ በስሙ ይጠራል። እኛ ዘንድ ግን አዛውንቱ «አበደች» ወይም «መንፈስ ያዛት» እንዳይባሉ ፈርተው ዝም ይላሉ። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ «አንዳንዴ የሌለ ነገር ይታይዎታል? ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ይታያቸዋል ይባላል» በሉ። ለሐኪሙም ንገሩት፤ ድምፅም የሚሰሙ ከሆነ ወይም ግራ የሚጋቡ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እቴቴን ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ሳቀች። ነጭ የለበሱ ሰዎች ማታ ማታ ቡና ዛፎቹ ሥር ይቆማሉ አለች፤ ዓይኗን ስትጨፍንና ስትገልጥ ይሄዳሉ።