በነጻ የሚመስለው ማገዶ፦ የጓዳችን ጭስ ዋጋው ስንት ነው?

ለአገልግሎት ወደ ገጠር ወጥተን በሰው ቤት ስንስተናገድ ብዙዎቻችን የምናየው ነገር አለ። እኛ መደብ ላይ ተቀምጠን ማዕድ ስንጠብቅ የቤቱ እመቤት ሕፃኗን አዝላ ከሦስቱ ጉልቻ አጠገብ እሳት ትቆሰቁሳለች። ታስላለች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። "ጭሱ አያስቸግርሽም ወይ?" ስትባል "ለምደነዋል" ትላለች። እኛም በልተን፣ መርቀን እንወጣለን።

ነገር ግን ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ መካከል ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ጭሱ የያዘው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ ለዓይን ሞራም ያጋልጣል። አየር በማይገባበት ቤት የብናኙ መጠን ከሚፈቀደው እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ማነው የሚከፍለው?

ነገሩን በዋግ ኽምራ፣ በአበርገሌ እንየው። አበርገሌ በፍየሉ የታወቀ፣ ዝናብ የሚያጥረው፣ ዛፉ የተመናመነ ቆላ ነው። ዛፍ ሲርቅ እንጨት ፍለጋው የእናትን ቀን ይበላል፣ ልጃገረዷንም ከትምህርት ያስቀራል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበት ደግሞ ከእንጨት ይልቅ ይጨሳል፤ ከዚህም ሌላ ለማሳው ፍግ መሆን የሚገባው ምድጃ ውስጥ ይቀራል። ሕፃኑ ሲታመም ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ ፍየል ይሸጣል። እንግዲህ ማገዶ በነጻ አገኘ የምንለው ቤተሰብ በሳንባው፣ በማሳውና በመንጋው እየከፈለ ነው። የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በንጹሕ ኃይል ምግብ አለማብሰል ዓለምን በዓመት ከ2.4 ትሪሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስከፍላት አስልቷል።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውና በዚያው አካባቢ ዋና ከተማ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ያለመ ነው። ሆኖም ደጋግሞ በሳንባ ምች የሚታመም ሕፃን ምግብ ቢቀርብለትም እንደሚገባው አያድግም። መሶቡን ስናስብ ምድጃውንም ማሰብ ይኖርብናል።

መፍትሔው የት ነው?

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራውና 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የተከዜ ግድብ ውኃ የተኛው በዚሁ በአበርገሌ አጠገብ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ምጣድ ላይ ማድረስ ደግሞ ሌላ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚፈልግ አምፖል የሚያበራ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ አይችለውም።

እስከዚያው በአገራችን የተሠራው፣ ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚበጀው "ምርጥ" ምድጃ ለእንጀራ የሚነደውን ማገዶ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተና በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት የተሻሻለ ምድጃ ብቻውን የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ከምድጃው ጋር የጭስ መውጫ፣ መስኮትና ከመኝታ የተለየ ማብሰያ ያስፈልጋል። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፤ በሚጋገርበት ሰዓትም ሕፃኑ ከጭሱ ይራቅ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የአበርገሌ ወገኖች ተፈናቅለው በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠልለው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ እኛ አማኞች እርዳታ ስናሰባስብ ስንዴና ዘይት እናስባለን፤ ስንዴው በምን እንደሚበስል ግን ጥቂቶች ብቻ ይጠይቃሉ። ወደ ፊት ከስንዴው ጋር ምድጃ እንላክ። ወንድሞችም መስኮት ማውጣትንና የጭስ መውጫ መሥራትን የራሳቸው ሥራ ያድርጉት። ባልንጀራን መውደድ ጓዳ ድረስ ሊገባ ይገባዋል። እናቶቻችን "ለምደነዋል" ሲሉንም ዝም ብለን አንውጣ።