ግብሩ ከማን፣ ድጎማው ለማን? ፓርቲዎቻችን ይመልሱ!

ፓርቲ ማለት ምንድን ነው? አርማ ነው? ባንዲራ ነው? የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ የታተመበት ካኒቴራ ነው? በእኔ እምነት ፓርቲ ማለት አንድ ቀላል ጥያቄ ሲቀርብለት ሳያቅማማ መልስ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፤ «ክፉ ቀን ሲመጣ ከማን ትወስዳለህ? ለማንስ ትሰጣለህ?» ይህን መመለስ ያልቻለ ስብስብ ዕድር ነው እንዳልል ዕድርን ማማት ይሆንብኛል። ዕድር እኮ ወርሃዊ መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ ሐዘን ሲደርስም ለባለሐዘኑ ስንት እንደሚሰጥ በመተዳደሪያ ደንቡ ጽፎ ያስቀምጣል።

ክፉው ቀን ደግሞ ገና የሚመጣ አይደለም፤ ደጃችን ላይ ከቆመ ሰንብቷል። ሁለት ዓመት የፈጀው የሰሜኑ ጦርነት ያቃጠለውን አቃጥሎ አለፈ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በመንግሥት ስሌት እንኳ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። በታኅሣሥ 2016 አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል ተሳናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ ይተመን ተባለ፤ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ባንክ ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆነ። በመስከረም 1985 ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲዘል «ጉድ ፈላ» ያለው ትውልድ ይሄንንም ለማየት በቃ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ ከፕሮግራሙ ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱም «ግብር በብዛት ሰብስቡ» የሚል ነው። መንግሥት በበኩሉ በ2016 በጀት ዓመት ኢኮኖሚው 8.1 በመቶ አደገ አለን። ይደግ! ማን ጠላ? ነገር ግን ዕድገቱ የማንን በር አንኳኳ? የደመወዝተኛውን በር ያንኳኳው ሌላ እንግዳ ነው።

እስቲ ስሜቱን ትተን ሒሳቡን እንየው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 600 ብር ያለውን ደመወዝ ከግብር ነፃ አደረገ። ከ10,900 ብር በላይ ያለው የመጨረሻውን 35 በመቶ ይክፈል አለ። ከዚያ በኋላ ኑሮ በእጥፍ በእጥፍ ሲንር ይህ ሰንጠረዥ ለ9 ዓመታት ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየሜይ ዴዩ «የሠራተኛው ግብር ይቀነስ» እያለ ሲጮህ ከረመ። በመጨረሻ በሐምሌ 2017 አዋጁ ተሻሻለ፤ ነፃው ወለል ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ 35 በመቶውም ከ14,000 ብር በላይ ላለው ሆነ። በቴሌቪዥን «ትልቅ እፎይታ» ተብሎ ተነገረን።

እፎይታ ነው? በ2008 ዓ.ም. አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ የያኔው 600 ብር 27 ዶላር ያህል ነበር ማለት ነው። የ2017ቱ 2,000 ብር ግን 15 ዶላር ገደማ ነው። የባሰው ደግሞ ከላይ ያለው ነው፤ የያኔው 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ የአሁኑ 14,000 ብር ከ110 ዶላር አይበልጥም። ዱሮ ደህና ደመወዝ የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅ ይከፍለው የነበረውን 35 በመቶ አሁን የቤት ኪራይ የሚያንገዳግደው መምህርና ነርስ እንዲደርስበት ተደረገ ማለት ነው። «ጤፍ በዶላር አይሸመትም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ ማዳበሪያው በዶላር ነው የሚገባው። ጤፉም ቢሆን አዲስ አበባ የሚደርሰው በነዳጅ ተጭኖ ነው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አድጓል ተባለ። ጥሩ ነው፤ ለተጨመረ አናኩርፍም። ነገር ግን ከዚያ 6,000 ብር ላይ 700 ብር የገቢ ግብር፣ 420 ብር የጡረታ መዋጮ ይነሳል፤ እጅ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ሰውዬው ያቺን ይዞ ሱቅ ሄዶ ሳሙና ሲገዛ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ በየሰበቡ ከደመወዝ የሚቆረጠው «የፈቃደኝነት» መዋጮ አለ፤ እምቢ የሚል ሰው የሌለበት ፈቃደኝነት! በአገሪቱ በዝቅተኛው እርከን ላይ ያለው የጥበቃ ሠራተኛና ጽዳት ሠራተኛ እንደዚህ ሲገብሩ፣ ያለደረሰኝ በሚሊዮን የሚያገላብጠው ነጋዴ ግን ከማን ጋር ሻይ እንደሚጠጣ ያውቃል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ «ግብር አይከፈል» አላልኩም። አገር ያለ ግብር አይቆምም፤ ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ከሰማይ አይወርድም። መንግሥት «የምንሰበስበው ግብር ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው» ሲል እውነቱን ነው። በ2016 በጀት ዓመት 8 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ ይህ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ያነሰ ነው። የነዳጅ ድጎማውም ቢሆን ባለመኪናውንና ኮንትሮባንዲስቱን ከድሃው ይበልጥ ይጠቅም ነበር የሚለው ክርክር ውኃ ያነሳል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የጎደለው ለምን ሁልጊዜ ከማይደበቀው ሰው ይሞላል? ደመወዝተኛ ግብሩን በእጁ ይዞ አያውቅም፤ ሳያየው ተቆርጦ ያልቃል። ስለዚህ ለሰብሳቢው ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ግን ፍትሕ አያደርገውም።

በዚህ አገር ደግሞ ግብር ተራ የሒሳብ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በሚባልበት ዘመን እንኳ የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ዱር ገብቷል። በሐምሌ 2009 የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዩ «የቀን ገቢ ግምት» የሚል ወረቀት ሲሰጠው በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ ሱቁን ዘግቶ ተቀመጠ። በኅዳር 2017 መርካቶም በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት ሱቆች ተዘግተው ነበር። ሕዝቡ በግብር ጉዳይ የሚናገርበት መድረክ ሲያጣ የሚናገረው በመቆለፊያ ነው። ያንን ቋንቋ ወደ ምክር ቤት ማምጣት የፓርቲዎች ሥራ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፤ ለማን ይሰጣል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኛውን፣ አረጋዊውንና ወላጅ የሌለውን ሕፃን እንዲረዳ ያዛል። በተግባር የሆነው ምንድን ነው? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠሩ ሴፍቲኔት 8 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲደግፍ ኖሯል። መልካም ሥራ ነው፤ ነፍስ አድኗል። ግን አብዛኛው ገንዘቡ የለጋሾች ነበር። በሰኔ 2015 አሜሪካኖቹና የዓለም ምግብ ፕሮግራም «እርዳታው እየተሰረቀ ነው» ብለው የምግብ ዕርዳታ ሲያቆሙ ወገን ለወራት ጦሙን አደረ። በ2017 ደግሞ ዩ.ኤስ.ኤይድ ራሱ ተዘጋ። እንግዲህ የእኛ ድሃ እንጀራ ዋሽንግተን ውስጥ በሚካሄድ ምርጫ የሚወሰን ሆኖ አረፈው! ለመሆኑ ይህ ነገር አንድም ፓርቲ አጀንዳ አድርጎ ሲከራከርበት ሰምታችኋል?

አሁን ደግሞ ምሬቴን ወደ ራሳችን ሰፈር ላዙር፤ ገዢውን ብቻ መውቀስ ይቀላልና። በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ቴሌቪዥን ላይ የተተከለው የኢኮኖሚ ክርክር ስለነበረ ነው። መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል? አንዱ ይሁን፣ ሌላው አይሁን ሲል፣ ሰሚው የሚመርጠው ነገር ነበረው። ዛሬስ? «ተቃዋሚ» የሚለው ስም ቀርቶ «ተፎካካሪ» ተባሉ። በምን ተፎካከሩ? በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ውጤት ከተነገረላቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ጠቅልሎ ሲሄድ ሜዳው ጠባብ እንደነበረ እናውቃለን። የታሰረ አለ፣ የተዋከበ አለ፣ ከነጭራሹ ያልተወዳደረ አለ። ይሁን እንጂ የጠበበ ሜዳ ፕሮግራም ከመጻፍ አያግድም። ከተቃዋሚ መግለጫዎች በግብር ጉዳይ የምናገኘው «ግብር ይቀነስ፣ ደመወዝ ይጨመር፣ ድጎማው ይቀጥል» የሚል ነው። ሦስቱም ደስ ይላሉ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ሲባል ግን ዝምታ ነው። ይሄ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ስለዚህ ከገዢው ፓርቲም ከተቃዋሚውም በአንድ ገጽ ወረቀት የሚያልቅ መልስ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከግብር ነፃ የሚሆነው ደመወዝ እስከ ስንት ብር ነው? ከዋጋ ንረቱ ጋር በየዓመቱ ከፍ ይላል ወይስ ሌላ 9 ዓመት እንጠብቅ? ሁለተኛ፣ ከደመወዝተኛው የቀነሳችሁትን ከማን ትሞላላችሁ? «ከሌቦች» አትበሉን፤ የግብሩን ዓይነትና መጠኑን ንገሩን። ሦስተኛ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎ ነበር፤ ለዓመታት ወረቀት ላይ የቀረውን ይህን ቃል ታከብራላችሁ? አራተኛ፣ ከሴፍቲኔቱ ወጪ ስንት እጁን ከራሳችን ካዝና ትሸፍናላችሁ? አምስተኛ፣ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የምትቆርጡት የቱን ነው? የመኪናውን፣ የአበሉን፣ የስብሰባውን፣ የቤተ መንግሥቱን? ወይስ የመድኃኒቱን?

አንባቢዎቼ፣ እናንተም ብትሆኑ ተመልካች ብቻ አትሁኑ። ደጃፋችሁ ድረስ መጥቶ ድምፃችሁን የሚለምን ሁሉ ስለ ዘርና ስለ ታሪክ ሲያወራ አዳምጡት፤ ሲጨርስ ግን የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ «ከዚህ ላይ የምትነካው የቱን ነው?» በሉት። ጥያቄው ነውር የለውም። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ባለቤት ካልጮኸ ደግሞ ጎረቤት አይረዳም። የደበደበን ጦርነት፣ የናረው ዋጋ፣ የወደቀው ብር ሁሉ መጨረሻው አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው፤ በየቤታችን መሶብ ላይ። ስለዚያ መሶብ የማይከራከር ፓርቲ ስለ ምን ሊከራከርልን ነው?

መልሱን እንጠብቃለን። ለሚመልስልንም አምዳችን ክፍት ነው።