አሥራ ስድስቱን ማን ገደላቸው?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ሦስት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ነሣን። የክርክሩ መነሻ ፈተናም አልነበረም፣ የምግብ ቤቱ ወጥም አልነበረም፤ አንድ የቪዲዮ ጌም ነበር እንጂ። እንዲህ ያለውን ነገር በዚህ መጽሔት ላይ ማንሣታችን ለአንዳንድ አንባቢያን የልጅ ሥራ መስሎ ሊታይ እንደሚችል እናውቃለን። ይሁን እንጂ ስለ ልቦለድና ስለ ቴአትር ባለ ታሪኮች ጠባይ በክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ ስንከራከር ያላፈርን ሰዎች፣ ብዙዎቻችን ሌሊቱን ስለምናነጋበት ነገር ለመከራከር የምናፍርበት ምክንያት አይታየንም።

ጌሙ «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» ይባላል። ፉሚቶ ኡዌዳ የተባለ ጃፓናዊ የመራው ቡድን ሠርቶት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ፤ በ2018 ደግሞ ሥዕሉ እንደ አዲስ ተሠርቶ ለፕሌይስቴሽን 4 ቀረበ። እኛ የተጫወትነው ይኸኛውን ነው። ዋንደር የሚባል ወጣት፣ ሞኖ የምትባል የሞተች ልጃገረድ በፈረሱ ጭኖ መግባት ወደ ተከለከለ ምድር ይመጣል። ልጅቱ ዕጣ ፈንታዋ የተረገመ ነው ተብላ የተሠዋች ናት። የያዘው ሰይፍ የተሰረቀ ነው። በቤተ መቅደሱ ውስጥ ዶርሚን የተባለ አካል የሌለው ድምፅ፣ በምድሪቱ የሚኖሩትን 16 ግዙፋን ፍጡራን ከገደልህ ልጅቱ ትነሣ ይሆናል ይለዋል። ዋንደርም ሄዶ አሥራ ስድስቱን ይገድላል። እንግዲህ ክርክራችን ይኸ ሰው ጀግና ነው ወይስ በስውር በደለኛው እርሱ ራሱ ነው የሚል ነበር።

በእኛ አስተያየት «በስውር» የሚለው ቃል ከጥያቄው መውጣት አለበት፤ በዚህ ጌም ውስጥ የተሰወረ አንዳች ነገር የለምና። አምስተኛው ግዙፍ እንደ ወፍ ያለ ነው፤ ከፍ ካለ ቦታ ዐርፎ ይመለከተናል እንጂ ፍላጻ ካልወረወርንበት አይነካንም። አሥራ ሦስተኛው በበረሃ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ፣ እንደ እባብ የረዘመ ፍጡር ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ጊዜ እንኳ አይመታንም። እኛ ግን ፈረስ እየጋለብን ከሥሩ ያሉትን ከረጢቶች በፍላጻ እንበሳቸዋለን፤ ክንፉ ወደ አሸዋው ዝቅ ሲል ተንጠልጥለን እንወጣና ወግተን እንጥለዋለን። ካው ኦታኒ የደረሰው ሙዚቃ ግዙፉን ስንወጣው የጦር ሜዳ ነው፤ ግዙፉ ሲወድቅ ወዲያው የለቅሶ ዜማ ይሆናል። ከሬሳው የሚወጣው ጥቁር ነገር በዋንደር ገላ ውስጥ ይገባል። ፊቱ እየገረጣ፣ ፀጉሩ እየጠቆረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከራሱ ላይ ቀንድ ያቆጠቁጣል። ይኸ ሁሉ የሚደረገው ዐይናችን ሥር ነው። እኛ ግን አንዱ ወድቋል፣ ቀጣዩ የት ነው እንል ነበር።

በቋንቋችን «ገዳይ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። በፉከራ ሲነገር ማሞገሻ ነው፤ አንበሳ ገዳይ፣ ዝሆን ገዳይ የተባለ ሰው በአደባባይ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር። በፍርድ ቤት ሲነገር ደግሞ መክሰሻ ነው። የሦስቱ ሌሊት ክርክራችን ዋንደርን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማመላለስ ነበር ብንል አላጋነንም። (ዶርሚን የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ጽፎ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነበበ ሰው፣ በኦሪት ዘፍጥረት ኀያል አዳኝ የተባለውን ናምሩድን ያገኛል። ይኸን ያገኘው ጓደኛችን ክርክሩ ያለቀ መስሎት ተኝቶ ነበር።)

የሕግ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ለዋንደር ጥብቅና ቆመ። የዶርሚን ኀይል በአሥራ ስድስቱ ተከፋፍሎ የታሰረ መሆኑን፣ እነርሱንም መግደል እስረኛውን መፍታት መሆኑን ዋንደር አያውቅም ነበርና ተታሏል፤ የተታለለ ሰው ደግሞ በደለኛ አይባልም አለ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ድምፁ ገና ከመጀመሪያው የምትከፍለው ዋጋ ከባድ ሊሆን ይችላል ብሎ አስጠንቅቆታል፤ ወጣቱም ግድ የለኝም ብሎ መልሷል። በራሱ ላይ የሚደርሰውን ዋጋ ሳይነግሩት አልቀሩም፣ እርሱም ተቀበለ። ያልጠየቀው ሌላው የሚከፍለውን ነው። እነዚህ የምገድላቸው እነማን ናቸው? ምን አደረጉ? አሥራ ስድስት ጊዜ ለመጠየቅ ዕድል ነበረው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

እኛንም ያሳሳተን ይኸው ይመስለናል። ዋንደር ለራሱ አይሳሳም፤ ከገደል ይወድቃል፣ ተነሥቶ እንደገና ይወጣል፣ ለገዛ መልኩ መለወጥ እንኳ ደንታ የለውም። ለራሱ የማይሳሳ ሰው ስናይ እውነት ከእርሱ ጋር ናት ብለን ማመን ይቀናናል፤ በተለይም በእኛ ዕድሜ። ለመሆኑ ለራሱ ያልሳሳ ለሌላው የሚሳሳው ለምንድን ነው?

ይኸን ስንል ግን ፈራጁን ንጹሕ ማድረጋችን አይደለም። ኤሞን የተባለው ጌታ ጭፍሮቹን አስከትሎ በመጨረሻው ሰዓት ይደርሳል። ስለ ተሰረቀው ሰይፍና ስለ ተጣሰው ምድር ሲናገር ሰማነው፤ ስለ ልጅቱ መሞት ሲያዝን ግን አልሰማነውም። ዋንደርን ያስወጋል፣ ሰይፉን ወደ ኩሬው ይጥላል፣ ድልድዩ ከኋላው እየፈረሰ ጋልቦ ይሄዳል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ሞኖ ብሎ የተነሣ ሰው ቢኖር ያው ገዳዩ ብቻ ነው፤ በደለኛ ነው ብለን ስንፈርድበት አፋችንን የሚይዘንም ይኸ ነው።

አንድ ክርክር ቀርቷል። ጌሙ ሌላ መንገድ አይሰጥም፤ ወይ መግደል ነው ወይ ማጥፋት፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ምን ያድርግ የሚል ነው። መንገድ አለመስጠቱ እውነት ነው። ነገር ግን አያጣድፍምም። ከአንዱ ግዙፍ እስከ ሌላው ያለው ምድር ባዶ ነው፤ የሚተናኮል ጠላት የለም፣ የሚቆጥር ሰዓት የለም። አግሮ በተባለው ፈረስ ላይ ሆኖ ማሰብ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። እኛ ያንን ጊዜ ያዋልነው ጅራተ ነጭ እንሽላሊት በማደን ነው፤ ጅራቱን መብላት የክንድ ጉልበት ይጨምራልና።

ከመካከላችን አንዱ፣ ብዙ የማይናገረው፣ አሥራ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጆይስቲኩን አልጋው ላይ አስቀመጠ። «ይኸስ ምን አደረገን?» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ሳቅንበት። ከዚያ ጆይስቲኩን አንሥተን፣ ተራ በተራ እየተቀባበልን፣ ሊነጋ ሲል ጨረስነው።