እርግዝናው የተማሪዋ ጥፋት ብቻ አይደለም

በጉራጌ ዞን እንደ ጉንችሬ ባሉ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ የገጠር ልጆች ቤት ተከራይተው መኖራቸው የተለመደ ነው። ከወላጅ ዓይን ርቃ፣ ስንቋ ሳምንቱን የማያደርሳት ተማሪ ኪራይ የሚከፍልላት ወይም ስልክ የሚገዛላት «አሳቢ» አታጣም። ላልታሰበ እርግዝና በር ከሚከፍቱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶዎቹ እንደወለዱ ወይም እንዳረገዙ አሳይቷል። ለዚህ ከድህነት ሌላ ዝምታም ምክንያት ነው። እናት ስለ ወር አበባ፣ አባት ስለ ፍቅር ከልጃቸው ጋር ማውራት ያፍራሉ። ተማሪዋም ጎረቤት ታየኛለች ብላ ስለምትፈራ የወሊድ መከላከያ ለመጠየቅ ጤና ጣቢያ አትሄድም። ያለዕድሜ ጋብቻም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ቢከለክለውም ገና አልጠፋም።

እርግዝናው ሲገለጥ ልጅቷ ከትምህርት ትቀራለች፤ አስረጋዡ ግን እንደ ልቡ ይኖራል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ የየወረዳው አስተዳደር ከገጠር ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ጥበቃ ያለው ማደሪያ ያዘጋጅ። ጤና ጣቢያውም ምስጢር በሚጠበቅበት ክፍል፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያስተናግዳቸው። ትምህርት ቤቶች የወለደችውን ተማሪ መልሰው ይቀበሉ። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያስረገዘ ሰው በሽማግሌ እርቅ እንዲያመልጥ አይፍቀዱ።