የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ በምርኮ ስለሚሠራ ወንጀል

በኮምፒዩተር ሰውን የሚያታልል ሁሉ በፍቅረ ንዋይ ብቻ ተነድቶ ወደዚህ ግብር ገባ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የድንበር ከተማ ከምያዋዲ አካባቢ የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው፣ ሞኢ የተባለውን ወንዝ ተሻግረው ወደ ታይላንድ የተላለፉትን 260 ያህል ሰዎች ያስታውስ ዘንድ እንለምናለን፤ ከእነርሱ ከግማሽ የሚበልጡት የገዛ ወገኖቻችን ኢትዮጵያውያን ነበሩና። በዚያ ስፍራ የወደቁት ብዙዎች፣ ደመወዙ ያማረ ሥራ በባንኮክ ይገኛል ተብለው፣ ቤተሰብም ለመሳፈሪያው ተበድሮላቸው የሄዱ ናቸው፤ እንደ ደረሱ ፓስፖርታቸው ተነጠቀ፣ ስልክና የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶግራፍ ተሰጣቸው፣ በባሕር ማዶ ያለውን ብቸኛ ሰው በፍቅር ቃል እያባበሉ ጥሪቱን እንዲያስወጡትም ታዘዙ፤ የተመደበለትን ያልሞላ በኤሌክትሪክ ይሠቃያል።

እንዲህ ያለው ሰው በዳይ ነውን ወይስ ተበዳይ? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጭበርባሪውን፣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ በሰው የሚነግደውን ይቀጣል፤ የዚህ እትም ጸሐፍት ሚዛን ወደ ተበዳይነቱ ማጋደሉን አንሸሽግም። ወንጀሉን መከላከል ግን የሚጀምረው የሥራው ማስታወቂያ በስልክ ከሚደርስበት ሰፈር ነው። ስለዚህ፣ አንባብያን ሆይ፣ ከዘመዶቻችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ጥሪ ደርሶት እንደሆነ፣ ቲኬቱ ሳይቆረጥ የላኪውን ኤጀንሲ ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቁ።